ከረባሽ ድመት ጋር መኖር፦ ንክሻ፣ ጭረትና የቤተሰብ ጤና

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ድመት በቤቱ ያለ ሰው ይህን ለማመን ምስክር አያስፈልገውም። የድስት ክዳን ገፍታ ሥጋ ታወጣለች፣ መጋረጃ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በተኛ ሰው ፊት ላይ ትራመዳለች፣ ሲዳብሷት ቆይታ በድንገት እጅ ነክሳ ትሮጣለች።

አብዛኛው ጥፋቷ የሚያስቅ ወይም የሚያናድድ እንጂ የሚያሳምም አይደለም። ሆኖም በጠቅላላ ሐኪምነት ሥራዬ በድመት ምክንያት የታመሙ ሰዎች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ስለ ድመቷ ጨርሶ አያነሱም፤ የሚነግሩኝ እጃቸው ስለማበጡ ወይም ብብታቸው ሥር ስለወጣ እብጠት ነው። ሌሎቹ ደግሞ እርጉዝ ሆነው «ድመቷን ከቤት ላውጣት ወይ?» ብለው ይጨነቃሉ። በዚህ ጽሑፍ ድመት ለምን እንደምትረብሽ፣ የትኛው ጉዳት በቤት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንደሚያስኬድ እንመለከታለን።

ድመት ለምን ትረብሻለች?

ድመት አዳኝ እንስሳ ናት። በተፈጥሮዋ ይበልጥ የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ስትተኛ የዋለች ድመት ቤተሰቡ ሲተኛ ሥራዋን ትጀምራለች። ሌሊት ስትጮህ ተነሥተው ምግብ ከሰጧት ደግሞ መጮህ እንደሚያዋጣት ተማረች ማለት ነው። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል በገመድ ጫፍ ላይ በታሰረ ጨርቅ እያሯሯጡ ያጫውቷት፤ ወዲያው የቀኑን ዋና ምግቧን ይስጧት። ድመት ካደነች በኋላ በልታ፣ ገላዋን ልሳ ትተኛለችና ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ይረጋጋሉ። ለውጡ በአንድ ሌሊት አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ሊብስ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ተሸንፈው ከተነሡ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሶፋና በር የምትቧጭረውም ለእልህ አይደለም። የጥፍሯን አሮጌ ልባስ ታወልቃለች፣ ጡንቻዋን ታፍታታለች፣ ሽታዋንም ትተዋለች። ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ ሌላ ቦታ መስጠት ይሻላል። አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ ስትንጠራራበት የማይነቃነቅ እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ ጠምጥመው እዚያው ሶፋው አጠገብ ያቁሙት። የጥፍሯን ሹል ጫፍ ብቻ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ መቁረጥም ይቻላል፤ ወደ ውስጥ ያለው ሮዝ መልክ ያለው ክፍል ደም ሥር ስላለበት አይነካም። በአንዳንድ አገሮች የሚታወቀው ጥፍርን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ግን የጣቷን የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ ስለሆነ አይመከርም።

ከጤና አንጻር ከሁሉም የሚከፋውን ልማድ የምናስተምራት እኛው ነን፤ ይኸውም በእጅ ማጫወት ነው። የሁለት ወር ግልገል ጣት ስትነክስ ታስቃለች። በስድስት ወሯ ግን የወተት ጥርሶቿ በቋሚ ጥርሶች ተተክተዋል፣ መንጋጋዋም ጠንክሯል፤ እጅ ማለት መጫወቻ ማለት እንደሆነ የተማረችውን ግን አልረሳችም። ስለዚህ ከግልገልነቷ ጀምሮ በገመድ፣ በኳስ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ብቻ ያጫውቷት። ከነከሰችዎ እጅዎን በኃይል አይንጠቁ፤ መንጠቁ ቁስሉን ይቀዳል፣ እሷንም እንደ አምላጭ አይጥ ያስፈነድቃታል። እጅዎን ያርጉት፣ ስትለቅዎ ጨዋታውን አቁመው ይሂዱ። መምታት አያስተምራትም፤ የምትፈራ ድመት አብዝታ ትነክሳለች።

ሲዳብሷት በድንገት የምትነክስ ድመትም አስቀድማ ምልክት ትሰጣለች። ጅራቷን ማወናጨፍ ትጀምራለች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል። ይህን ሲያዩ እጅዎን ያንሡ። ሕፃናት ይህን ምልክት ማንበብ ስለማይችሉ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅና ድመት ያለ አዋቂ ብቻቸውን ባይተዉ ይመረጣል። ከአልጋ ሥር የተደበቀችን ድመት ጎትቶ ማውጣትና የሚጣሉ ድመቶችን በእጅ መገላገል ለንክሻ ከሚዳርጉት ዋነኞቹ ናቸው። ለጠብ ካርቶን ወይም ፎጣ ይጠቀሙ።

ቡና በሚፈላበት ቤት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከሰል ምድጃና የጋለ ጀበና ድመት በምትዘልበት መስመር ላይ ከተቀመጡ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ አጠገቡ የሚድኸው ሕፃን ነው። ድመቷን ለዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ማስገባት ይቀላል።

ትንሿ የንክሻ ቀዳዳ ለምን አትናቅም?

የድመት ንክሻ የማይናቅ መሆኑን ለታካሚ ስናገር ብኖርም በራሴ ላይ ሲደርስ ናቅሁት። ድመታችንን ለክትባት ልወስዳት ከአልጋ ሥር ስጎትታት አውራ ጣቴ ሥር ነከሰችኝ። የታየው ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦች ብቻ ነበሩ። ለቅለቅ አድርጌ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ በማግስቱ ጠዋት የእጄ ጀርባ ጭምር አብጦ ብዕር መያዝ አልቻልኩም። መድኃኒት ጀምሬ ተሻለኝ፤ ግን አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ ለቀዶ ሕክምና እደርስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ምክንያቱ የጥርሱ ቅርጽ ነው። የውሻ ጥርስ ሥጋ ይቀዳል፤ ቁስሉ ሰፊና አስደንጋጭ ስለሆነ ሰው ቶሎ ይታከማል፣ ለማጠብም ይመቻል። የድመት ጥርስ ግን ቀጭንና ሹል ነው፤ በአፏ ያለውን ተሕዋስ ወደ ጅማት ሽፋንና ወደ መገጣጠሚያ ውስጥ ከትቶ ይወጣል፣ ቆዳውም ወዲያው ከላይ ይዘጋል። በአብዛኞቹ ድመቶች አፍ ውስጥ የሚኖረው ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መቅላት፣ ማበጥና ከባድ ሕመም ያስከትላል። ለሕክምና ከሚመጡ የድመት ንክሻዎች መካከል ከሦስት አንዱ እስከ ግማሽ የሚደርሱት እንደሚመረቅዙ በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል።

ድመት ስትነክስ ወይም ደም እስኪወጣ ስትቧጭር መጀመሪያ የሚደረገው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ሰዓት አይተው ይጠቡ፤ 15 ደቂቃ ሰው ከሚገምተው በላይ ረጅም ነው። ቧንቧ ውሃ ከሌለ ሌላ ሰው በጆግ ያፍስስልዎ። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል አይነስንሱ፤ ቀዳዳውን ደፍነው ተሕዋሱን ውስጥ ያስቀሩታል። ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይቀድም ያውልቁ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑና እጅዎን ከፍ አድርገው ይያዙ። የንክሻ ቀዳዳ በአብዛኛው አይሰፋም።

ንክሻው እጅ፣ ፊት፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ ምንም ባያብጥም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የስኳር ሕመም፣ የጉበት ሕመም ወይም ኤችአይቪ ያለባቸው፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱና ጣፊያቸው የወጣላቸው ሰዎች ንክሻው የትም ቢሆን መታየት አለባቸው። ጣት እንደ በርበሬ ዛላ ወፍሮ ካበጠ፣ ሲዘረጋ ከባድ ሕመም ካለው፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር ከታየ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ።

እዚህ ላይ ከፋርማሲ ራስ በራስ መድኃኒት ስለመግዛት አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ለቆዳ ቁስል ብዙ ሰው የሚያውቀው ክሎክሳሲሊንን ነው። ክሎክሳሲሊን፣ ሴፋሌክሲንና ኤሪትሮማይሲን ለሌላ ቁስል ጥሩ ቢሆኑም ፓስቱሬላ ላይ ጉልበት የላቸውም። ለድመት ንክሻ በተለምዶ የሚመረጠው ኦግመንቲን በሚል ስም የሚታወቀው የአሞክሲሲሊንና የክላቭላኒክ አሲድ ጥምር ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሌላ አማራጭ ስላለ ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነዎ ወይም መቼ እንደወሰዱ ካላስታወሱም ይጠይቁ።

ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ታስተላልፋለች?

አዎ። ስሙ ውሻን ብቻ ቢጠራም ድመትም ትታመማለች፣ ታስተላልፋለችም። በኢትዮጵያ ለሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ነው፤ ሌሊት ከቤት ውጪ የምትዞር ድመት ግን በታመመ ውሻ ልትነከስ ትችላለች። አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ እዚያ ከቤት እንስሳት መካከል በበሽታው ተይዘው በብዛት የሚመዘገቡት ድመቶች መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰው የሚተርፍበት ሁኔታ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ ለመከላከል ጊዜ አለ። ከላይ የተጠቀሰው የ15 ደቂቃ እጥበት ራሱ የመጀመሪያው መከላከያ ነው። የማትታወቅ ወይም ነክሳ የጠፋች ድመት ከሆነች ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል። የታወቀች የቤት ድመት ከሆነች ለ10 ቀን በጥንቃቄ ተይዛ ትታያለች፤ በዚህ ጊዜ ጤነኛ ከሆነች በነከሰች ጊዜ በምራቋ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። እስከዚያ መጠበቅ ወይም ክትባቱን ጀምሮ በኋላ ማቆም የሚለውን የሚወስነው ያየዎት ሐኪም ነው። ስለዚህ በንዴት ድመቷን ገድሎ መጣል ወይም ሩቅ ወስዶ መልቀቅ ጉዳቱ ለተነከሰው ሰው ነው።

ብዙ ሰው ከድሮው በሆድ ላይ በተከታታይ ከሚወጋው መርፌ የተነሣ ክትባቱን ይፈራል። አሁን በዓለም የጤና ድርጅት የሚመከሩት ክትባቶች በክንድ ላይ የሚሰጡ ናቸው፤ የተለመደው ቀጠሮ በመጀመሪያው ዕለት፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀንና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቆዳ ለበሳ ንክሻ ከክትባቱ ጋር በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊንም ያስፈልጋል። እርግዝናም ሆነ ማጥባት ክትባቱን አይከለክልም። ፀበል የሚጠመቁም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች አሉኝ፤ የምለምናቸው ክትባቱ በዚያ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘገይ ነው።

ድመቷን በየጊዜው ማስከተብ ይህን ሁሉ ጭንቀት ይቀንሳል። ማስኮላሸት ወይም ማምከንም ለመዞርና ለመጣላት ያላትን ፍላጎት ስለሚቀንስ ረብሻውንም ንክሻውንም ያበርዳል።

ከጭረት በኋላ የሚመጣ የብብት እብጠት

በተለይ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ግልገሎች ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ከድመት ወደ ድመት የሚያዛምተው ቁንጫ ነው፤ ወደ ሰው የሚደርሰው የቁንጫው እዳሪ ባለበት ጥፍር ሲቧጨር ነው። ጭረቱ ባለበት ቦታ ከ3 እስከ 10 ቀን ውስጥ ትንሽ ብጉር ይወጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዚያው ወገን ብብት፣ አንገት ወይም ብሽሽት የሚያም ንፍፊት ያብጣል፤ ቀላል ትኩሳትና ድካም ሊኖር ይችላል። ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ሐኪሙ አዚትሮማይሲን ሊያዝም ይችላል።

ይህን ያህል የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በእኛ አገር የንፍፊት እብጠት ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው የንፍፊት ቲቢ ነው፣ መታሰብም አለበት። ነገር ግን ታካሚው «ግልገል ድመት አለችን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ቧጭራኝ ነበር» ካላለ ሐኪሙ ሌላውን ምክንያት ላያስብ ይችላል። የስድስት ወር የቲቢ ሕክምና ቀላል ጉዳይ አይደለም። በተቃራኒውም «ድመቷ ነች» ብሎ ቲቢን ሳይመረምሩ መቅረት አደገኛ ነው። ስለዚህ ድመት መኖሯን ይናገሩ፣ ምርመራውንም ይጨርሱ። ኤችአይቪ ኖሮበት የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ላይ ይኸው ባክቴሪያ በቆዳና በጉበት ላይ የከፋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ ቁንጫ ማጥፋት ለእንዲህ ያለ ቤት ቅንጦት አይደለም።

እርጉዝ ሴት ድመቷን ታውጣት?

አታውጣት። ፍርሃቱ የመጣው ቶክሶፕላዝማ ከሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ከተያዘች ለፅንሱ ሊተላለፍና ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ድመት ተሕዋሱን የምታገኘው አይጥ አድና ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ነው፤ እንቁላሉን በእዳሪዋ የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ጊዜ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የወጣው እንቁላል ደግሞ ወዲያው አያስይዝም፤ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ያስፈልገዋል። ድመቷን በመዳበስ መያዝ ብዙም የሚያሰጋ አይደለም።

ስለዚህ የድመቷን የአሸዋ ሳጥን በየቀኑ ሌላ ሰው ያጽዳ፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርገው ያጽዱና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። እንደ ብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ድመቷ የምትጸዳዳው ጓሮ ከሆነ ደግሞ የሚያሰጋው አፈሩ ነው፤ ጎመንና ሰላጣ በደንብ ይታጠቡ፣ አፈር ሲነካ ጓንት ይደረግ። ድመቷንም ከጥሬ ሥጋ ይከልክሏት።

እውነቱን ለመናገር ግን በክትትል ጊዜ ስለ ድመት የሚጠይቁኝ እናቶች ስለ ክትፎ አይጠይቁኝም። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ከድመቷ ይልቅ ዋና የመያዣ መንገዶች ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ክትፎውም ጥብሱም ሮዝነቱ እስኪጠፋ ይብሰል። ድመቷን ለጎረቤት ሰጥታ ቁርጥ የምትበላ እናት የሚያሰጋውን አስቀርታ አይደለም። ድመት ቢኖርም ባይኖርም ጥርጣሬ ካለ የደም ምርመራ ስላለ ክትትል የሚያደርጉበትን ሐኪም ይጠይቁ።

ጭርት፣ ትላትልና መድኃኒት

ድመት ላይ ክብ የጸጉር መመለጥ ካዩ፣ ልጆችም ላይ ክብና የሚያሳክክ ጭርት ወይም በራስ ላይ ቆረቆር ከወጣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከታከመ ከሌላው ይመለሳል። የድመት የአንጀት ትል እንቁላል በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ አፈር የሚልሱ ሕፃናትን ይይዛል፤ ለድመቷ የትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ማሰጠት ያስፈልጋል።

ለእሷም ሁለት ነገር ይጠንቀቁላት። ስትታመም ለሰው የሚሰጥ ፓራሲታሞል አይስጧት፤ አንድ ኪኒን ሊገድላት ይችላል። ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ ካስቀመጡም መርዙን የበላውን አይጥ የምትበላው እሷ ናት።

አስምና አለርጂ ሲኖር

ድመት አጠገብ ሲሆኑ የሚያስነጥስዎ ጸጉሯ ራሱ አይደለም። በምራቋና በቆዳዋ ቅባት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ስትላስ ጸጉሯ ላይ ይደርቅና በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በልብስና በምንጣፍ ላይም ይጣበቃል። ዓይን ማሳከክና ማስነጠስ ብቻ ከሆነ ድመቷን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት፣ ምንጣፍ መቀነስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ማጠብ ለብዙ ሰው ይበቃል። አስም ያለበት ልጅ ሌሊት የሚያስለው ወይም የሚነፋ መድኃኒት የሚያበዛ ከሆነ ግን ድመቷን ሌላ ቤት መስጠት መታሰብ አለበት። ይህን ሲወስኑ ፕሮቲኑ ድመቷ ከሄደች በኋላም በቤቱ ውስጥ ለወራት እንደሚቆይ ይወቁ፤ በሁለት ሳምንት ለውጥ ስላልታየ «ድመቷ አልነበረችም» ተብሎ አይመለስ፣ የልጁም የአስም መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ አይቋረጥ።